የሞተር ዘይት ከተለወጠ በኋላ ስለሚበራው የማስጠንቀቂያ መብራት

የእርሻ ሥራ ጊዜን የሚከተል ሥራ ነው። ምርጥ ዘር ከመዝሪያው ወራት ቢዘገይ፣ ማዳበሪያ ካለፈ በኋላ ቢደርስ፣ የከብት ክትባትም በመንገድ ላይ ውሎ ቅዝቃዜውን ቢያጣ፣ የወጣው ገንዘብና የተደከመው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በዳባት፣ በደባርቅና በአዲ አርቃይ ወረዳዎች ይህን ሁሉ ከከተማ ወደ ገበሬው አቅራቢያ የሚያደርሰው መኪና ነው፤ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ነው፤ ሞተሩንም ከመቃጠል የሚጠብቀው ዘይት ነው። ስለዚህ የሞተር ዘይት ነገር ለነጂና ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም። የመንግሥት መኪና በኃላፊነቱ ሥር ያለ አስተዳዳሪም፣ በገንዘቡ ገዝቶ ምርቱን የሚያመላልስ ባለ እርሻም ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሽሬ የሚሄደው መንገድ ደባርቅን ካለፈ በኋላ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ይህ የመኪና መንገድ የተሠራው ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረራ ይዛ በነበረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በአፋፉ ላይ ወልከፊት በተባለው ስፍራ መሽጎ የነበረው የኢጣልያ ጦር እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ እጁን ሳይሰጥ መቆየቱ የቦታውን አስቸጋሪነት ያስረዳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ አዲ አርቃይ ከእርስዋ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። ሞተር ሽቅብ ሲወጣ በሙሉ ኃይሉ ይጎትታል፤ ቁልቁል ሲወርድም በማርሽ ተይዞ መኪናውን ወደ ኋላ ይገታል። በሜዳ ላይ ተሰውሮ የቆየ ጥቂት ጉድለት በሊማሊሞ ላይ ይገለጣል።

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ የወረዳ መኪና ጎንደር ላይ ዘይቱ ተለውጦ፣ በማግስቱ ዘር ጭኖ አዲ አርቃይ አደረሰ እንበል። ባዶውን ሲመለስ፣ ዛሪማን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ፣ በነጂው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የሞተር ምስል ያለበት ቢጫ መብራት በራ። በዚህ ጊዜ አንዱ «ዘይቱ የተበላሸ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሞተሩ አርጅቷል» ይላል፤ ሦስተኛውም «መብራት ነው፣ ምን ያደርጋል፣ እንሂድ» ይላል። ሦስቱም ሳይመረምሩ ፈርደዋልና ልክ አይደሉም። መኪናው ዘይቱ ከመለወጡ በፊት ደኅና ከነበረና ከተለወጠ በኋላ መብራት ካበራ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው በዚያ ቀን የሰው እጅ የነካው ነገር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የተባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ስለ መብራቶቹ ዓይነት

በመጀመሪያ የትኛው መብራት እንደ በራ መለየት ያስፈልጋል፤ ሁሉም አንድ ቃል አይናገሩምና።

1ኛ፤ የዘይት ማሰሮ ምስል ያለበት ቀይ መብራት ነው። ይህ የሚናገረው ስለ ዘይት ግፊት ነው። ዘይት በሞተሩ ቧንቧዎች ውስጥ በፓምፕ ኃይል እየተገፋ ካልሄደ ይበራል።

2ኛ፤ የሞተር ምስል ያለበት ቢጫ መብራት ነው። ይህ የሚናገረው የሞተሩን አየር፣ ነዳጅና ጭስ የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር የማይስማማ ነገር ማግኘቱን ነው።

3ኛ፤ የመፍቻ ምስል ያለበት ወይም የአገልግሎት ጊዜ መድረሱን የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበት መብራት ነው። ይህ የብልሽት ምልክት አይደለም። መኪናው የሄደውን ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ መድረሱን ያስታውሳል እንጂ፣ ዘይቱ መለወጡን በራሱ አያውቅም። ስለዚህ ዘይት የለወጠው ሰው ቆጠራውን ወደ መጀመሪያው ካልመለሰው መብራቱ እንደ በራ ይኖራል። የመመለሻው አሠራር ከመኪናው ጋር በመጣው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል።

ቁልፍ ሲከፈት ሞተሩ ሳይነሣ ቀዩና ቢጫው መብራቶች ለጥቂት ጊዜ መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሣም ይጠፋሉ። ቁልፍ ሲከፈት የማይበራ መብራት ቢኖር ተቃጥሏል፣ ወይም ሰው ሆን ብሎ ነቅሎታል። መብራትን ነቅሎ ጥፋትን ማስወገድ አይቻልም፤ የሚጮኸውን ዘበኛ ያሰረ ሰው ሌባውን አላባረረም።

ስለ ቀዩ መብራት

ዘይት ከተለወጠ በኋላ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ፣ አዲሱ ፊልትሮ ባዶ ስለ ሆነ ቀዩ መብራት ለጥቂት ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ቤንዚን ወይም ናፍጣ መርገጥ አይገባም። መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋትና ምክንያቱን መፈለግ ነው።

መኪናው በመንገድ ላይ ሳለ ቀዩ ቢበራ ግን አንድም ኪሎ ሜትር መሄድ አይገባም። ዘይት ሲጎድል በሚሽከረከሩት ብረቶች መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ይጠፋል፤ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል፣ ይግላል፣ በጥቂት ደቂቃም ተጣብቆ ይቀራል። የጥቂት ሊትር ዘይት ጉድለት ሙሉውን ሞተር ያሳጣል ማለት ነው።

በቁልቁለት ላይ ሳለ የሚበራ ቀይ መብራት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፍሬኑና የመሪው ረዳት ኃይል ከሞተሩ የሚመጣ ነው፤ በትላልቆቹ የጭነት መኪናዎችም የፍሬኑን አየር የሚሞላው በሞተሩ የሚዞር መጭመቂያ ነው። ስለዚህ መኪናው እየተንቀሳቀሰ ሳለ ሞተሩን ማጥፋት ከገደል ያደርሳል። ነጂው በመጀመሪያ በፍሬንና በማርሽ አቀዝቅዞ ከጥምዝምዙ ውጭ ዳር ይዞ ይቁም፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩን ያጥፋ፤ የእጅ ፍሬን ይሳብ፤ ከጎማዎቹም ሥር በድንጋይ ታኮ ያድርግ።

ከዚያ ኮፈኑ ተከፍቶ የሚታየው ይህ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ በጨርቅ ይጠረግና ተመልሶ ገብቶ ይነበባል። ከመኪናው በታች ዘይት ይንጠባጠብ እንደ ሆነ ይታያል። ጠብታው ከማፍሰሻው ቦሎን ከሆነ፣ ቦሎኑ አልጠበቀም ወይም ቀለበቱ አልተለወጠም። ከፊልትሮው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምክንያት የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት በሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ መታሰሩ ነው። ሁለት ቀለበት ተደራርቦ ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፤ ግፊት ሲበዛበት ግን ይንሸራተትና ዘይቱን በአንድ ጊዜ ያፈስሰዋል። የሚፈስ ነገር ከሌለና ዘይቱም በልኩ ከሆነ፣ የግፊት መለኪያው ሽቦ ሲሠራ ተነቅሎ ወይም ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ይህ በመካኒክ በሌላ መለኪያ እስኪረጋገጥ ድረስ መብራቱ እውነት ይናገራል ብሎ መቆም ይሻላል።

እንደዚሁም አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ቀዩ መብራት የዘይቱን መጠን አይለካም፤ የሚበራውም ግፊቱ ሊጠፋ ሲል ነው። ስለዚህ መብራት አልበራም ማለት ዘይት ሞልቷል ማለት አይደለም። በዳገት ወይም በጥምዝምዝ ላይ ብልጭ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ቀይ መብራት ብዙ ጊዜ ዘይቱ አንሶ፣ መኪናው ሲያዘነብል የፓምፑ አፍ አየር መሳቡን ይገልጻል። «ጠፍቷልና ደኅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ምልክት አይደለም።

ስለ ቢጫው መብራት

ቢጫው መብራት ሳያቋርጥ ቢበራና ሞተሩ ድምፁን፣ ኃይሉንና ሙቀቱን ሳይለውጥ ቢሄድ፣ በዝግታ እየነዱ እስከሚመረመርበት ቦታ መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን፣ በተለይ በቤንዚን ሞተር፣ ነዳጁ በአንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሳይነድ ወደ ጭስ መውጫው እየወጣ ነው ማለት ነው። እዚያ ያለው የጭስ ማጣሪያ በጣም ግሎ ይበላሻልና፣ ሸክሙን አቅልሎ ወዲያው መቆም ይገባል።

ዘይት ከተለወጠ በኋላ ቢጫው የሚበራባቸው ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፤ በቅደም ተከተል ቢመረመሩ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ያደርሳሉ።

በመጀመሪያ የዘይት መሙያው ክዳንና የመለኪያው ዘንግ ይታያሉ። በብዙ የቤንዚን ሞተሮች ከዘይቱ ክፍል የሚወጣው ተን በቧንቧ ተመልሶ ወደ ሞተሩ አየር መሳቢያ ይገባል። ክዳኑ ካልተዘጋ ወይም ዘንጉ እስከ መጨረሻው ካልገባ፣ ኮምፒዩተሩ ያልለካው አየር በዚያ ይገባል፤ ነዳጁም ለአየሩ ያንሳል፤ መብራቱም ይበራል። ይህ ጉድለት በእጅ በአንድ ደቂቃ ይድናል።

በሁለተኛ ደረጃ የአየር ቧንቧዎችና ሽቦዎች ይታያሉ። መካኒኩ ወደ ፊልትሮው እጁን ለማስገባት የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ወይም ቧንቧውን ፈትቶ ሊሆን ይችላል። የቧንቧው ማሰሪያ ካልጠበቀ፣ ወይም የአየር መለኪያው ሽቦ ተመልሶ ካልተሰካ፣ ኮምፒዩተሩ ትክክለኛውን ልክ ያጣል። ቱርቦ ባለው የናፍጣ ሞተር ደግሞ የላላ ቧንቧ በሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ሽቅብ ሲወጣ የቱርቦው ግፊት ሲበረታ ግን አየሩ በላላው በኩል ያመልጣል፤ ኃይል ይቀንሳል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ቢጫውም ይበራል።

በሦስተኛ ደረጃ የዘይቱ መጠን ይታያል። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ አምስትና አሥር ደቂቃ ያህል ካለፈው በኋላ፣ ዘይቱ በመለኪያው ዘንግ ላይ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ብዙ ሰው ዘይት ሲያንስ ብቻ የሚጎዳ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሲበዛም ይጎዳል። ለአራት ሊትር ሞተር የአምስት ሊትር ጣሳ ሙሉውን ቢገለበጥበት፣ በታች የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል። አረፋም እንደ ዘይት ብረትን አይሸከምም። የተረፈው ዘይት በተን ቧንቧው በኩል ወደ አየር መሳቢያው ገብቶ ይነድዳል፤ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ መብራቱንም ያበራል። በናፍጣ ሞተር እጅግ ሲበዛ፣ ሞተሩ በራሱ ዘይት እየነደደ ቁልፍ ቢዘጋም አልቆምም እስከ ማለት ይደርሳል። ስለዚህ ትርፉን ከታች ማፍሰስ እንጂ «ይጠቅመዋል» ብሎ መተው አይገባም።

በአራተኛ ደረጃ የዘይቱ ዓይነት ይታያል። በጣሳው ላይ እንደ 5ደብሊው-30 ወይም 15ደብሊው-40 ያለ ቁጥር ተጽፏል። የፊተኛው ቁጥር ሲያንስ ዘይቱ በብርድ ጊዜ በቶሎ ይፈስሳል ማለት ነው፤ የኋለኛው ቁጥር ሲበዛ ሞተሩ ከጋለ በኋላ ውፍረቱን ይጠብቃል ማለት ነው። የአሁኖቹ የቤንዚን አውቶሞቢሎች፣ እንደ ቶዮታ ቪትዝና ኮሮላ ያሉት፣ የቫልቮቹን የመክፈቻ ጊዜ የሚለዋውጡት በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ የሚያልፍባቸውም ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። ለቀድሞ የጭነት መኪና የሚስማማ ወፍራም ዘይት ቢሞላባቸው፣ በተለይ በደባርቅና በዳባት የጠዋት ብርድ፣ በጊዜው ስለማይደርስ ኮምፒዩተሩ ጥፋት ይመዘግባል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነውና፣ የሚታመነው የመኪናው መጽሐፍ ነው።

ጥፋቱን በቁጥር ስለ ማንበብ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ አገር ለሚሸጡ አዲስ አውቶሞቢሎች ሁሉ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ መሰኪያ እንዲኖራቸው በሕግ ታዝዟል፤ ሌሎች አገሮችም ተከትለዋል። መሰኪያው ከመሪው በታች ይገኛል። ጥቂት ዋጋ ያለው ማንበቢያ መሣሪያ ሲሰካበት በአንድ ፊደልና በአራት አኃዝ የተጻፈ ምልክት ያሳያል። ለምሳሌ ፒ 0171 ነዳጅ ለአየሩ ማነሱን፣ ፒ 0299 የቱርቦው ግፊት ማነሱን፣ ፒ 0011 የቫልቮቹ ጊዜ ከታዘዘው ማለፉን፣ ፒ 0300 በሲሊንደሮቹ ውስጥ ነዳጅ በትክክል አለመንደዱን ይናገራል። ምልክቱ የታመመውን ቦታ ይጠቁማል እንጂ የሚለወጠውን ዕቃ አይወስንም። «ነዳጅ አነሰ» የሚል ምልክት አይተው የነዳጅ ፓምፕ የሚያስገዙ አሉ፤ ጥፋቱ ግን የዘይት ክዳን መላላት ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ ከተስተካከለ በኋላ መብራቱ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል። ኮምፒዩተሩ በተከታታይ በተደረጉ ጉዞዎች፣ ብዙ ጊዜ በሦስት፣ ጥፋቱን ካላገኘ በራሱ ያጠፋዋል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የባትሪ ገመድ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት ግን ማስረጃን መደምሰስ ነው፤ መካኒኩ ሲመጣ የሚያነብበው አያገኝም።

ዕድሜ ያላቸው የናፍጣ መኪናዎች፣ በገጠር ብዙ አገልግሎት የሚሰጡት የቀድሞ ላንድ ክሩዘሮችና የጭነት መኪናዎች፣ ብዙዎቹ ይህ ኮምፒዩተርና ቢጫ መብራት የላቸውም። ለእነርሱ የሚያገለግለው የነጂው ዓይን፣ ጆሮና አፍንጫ፣ ቀዩም መብራት ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ሌሎች መብራቶች ይገኛሉ፤ ይኸውም በናፍጣ ማጣሪያው ውስጥ ውሃ መጠራቀሙን የሚያመለክትና የሞተሩ የጊዜ ቀበቶ የሚለወጥበት ኪሎ ሜትር መድረሱን የሚያመለክት ነው። እነዚህ ዘይት በተለወጠ ሰሞን ቢበሩ የአጋጣሚ ነገር ነው እንጂ ከዘይቱ ጋር ግንኙነት የላቸውም።

ከላይ ወደ ተነገረው ምሳሌ እንመለስ ቢባል፣ ያ መኪና ከዛሪማ በላይ ዳር ይዞ ቆመ እንበል። ቀዩ መብራት አልበራም፤ ዘይቱ በልኩ ነው፤ ክዳኑም ተዘግቷል። ሞተሩ ጭኖ ሲወርድ ደኅና ነበር፤ ባዶውን ሽቅብ ሲወጣ ግን ደክሞ ጥቁር ጭስ አወጣ። ይህ ሁሉ ወደ ቱርቦው ቧንቧ ያመለክታል። ቧንቧው ሲነካ ማሰሪያው ላልቶ ተገኘ፤ በጠመንጃ መፍቻ ተጠበቀ፤ መኪናውም ደባርቅ ገባ። ይህን ሥርዓት የማያውቅ ቢሆን ግን ወይ መኪናውን ለሳምንት በመንገድ ላይ ያስቆመው፣ ወይ ያለ ምክንያት አዲስ ዘይት ያስገዛ ነበር።

የኃላፊዎች ግዴታ

ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ የሚፈጸመው ኃላፊው ሲያዝና ሲከታተል ነው። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ መዝገብ ይኑር፤ በእርሱም ዘይቱ የተለወጠበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የዘይቱ ቁጥር፣ የተሞላው ሊትር፣ የለወጠውም ሰው ስም ይጻፍ። ዘይት ከታወቀ ነጋዴ፣ ማሸጊያው ካልተከፈተ ጣሳ ይገዛ። ፊልትሮ ሲታሰር የአሮጌው ቀለበት መውጣቱ በዓይን ይታይ፤ አዲሱ ቀለበት በንጹሕ ዘይት ይቀባ፤ በእጅም ከነካ በኋላ በፊልትሮው ላይ በተጻፈው ልክ ይጥበቅ። የፈሰሰው አሮጌ ዘይት በተዘጋ ዕቃ ይጠራቀም እንጂ፣ ከብት ወደሚጠጣበትና መስኖ ወደሚወጣበት ወንዝ አይደፋ።

ዘይቱ የተለወጠ መኪና በዚያው ቀን ሊማሊሞን እንዲወርድ ባይታዘዝ መልካም ነው። በመጀመሪያ በከተማው ዙሪያ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ፤ ከቆመም በኋላ ከሥሩ ይታይ፤ ዘይቱ ዳግመኛ ይለካ። ይህ የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ነጂው «ቀይ መብራት በርቷል» ብሎ ሲያቆም፣ ኃላፊው ስለ ስብሰባ ወይም ስለ ጭነት ቸኩሎ «ንዳ» ብሎ እንዳያዝዘው። ነጂ የአለቃውን ቁጣ ፈርቶ የነዳው ሞተር በመንገድ ላይ ሲጣበቅ፣ ጥፋቱ በነጂው ላይ ይጻፋል፤ በእውነት ሲመረመር ግን የአዛዡ ነው። በዚያ ገደል ላይም የሚጠፋው ሞተር ብቻ አይደለም፤ የተሳፈሩትም ሰዎች ናቸው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ በየወረዳው ያሉት የነዳጅ ሞተሮች በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም፤ ዕድሜያቸው የሚረዝመው በጥንቃቄ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ትንሿ መብራት ስትበራ ቆሞ ክዳን ያየና ማሰሪያ ያጠበቀ ኃላፊ፣ ዘሩን በጊዜው ለገበሬው ያደርሳል፤ ሰዎቹንም በደኅና ወደ ቤታቸው ይመልሳል።